ቦታውን የሚለቅ ባዶ ቦታ

ሐሙስ

አባዬ ድንጋዩን እሑድ ከሰንበቴ መልስ ርብ ወንዝ ሊጥሉት ነው።

ጣልያንን ከድቶ የመጣው የራዲዮ ሠራተኛ፣ ተስፋይ፣ ትናንት አርበኛውን ታላቅ ወንድሜን ደምሌን ፍለጋ ጫካ ገባ። የተወልን፦ አንድ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ድንጋይ፣ ቀጭን ሽቦ፣ የጆሮ ማዳመጫ። ሽቦው ድንጋዩ ላይ ደህና ቦታ ካገኘ ከጣልያን ሰፈር የሚነገረው ይሰማል። «ዶማኒ» ካሉ ነገ ለዘመቻ ይወጣሉ ማለት ነው፤ ለደምሌ መልእክት እንልክበታለን።

አባዬ ግን «እሳት ሳይነድበት የሚናገር ድንጋይ የጋኔን ነው» አሉ። መሪጌታ ናቸውና ጋኔኑን ሁሉ በስም ያውቁታል። ለመንኳቸው። «ውስጡ ያለውን ካስረዳሽኝ መጣሉ ይቀራል» አሉኝ።

ዓርብ

ተስፋይ ያለኝ፦ ድንጋዩ ውስጥ ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቆች አሉ። ታችኛው ፎቅ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ስለዚህ ማንም ንቅንቅ አይልም። ላይኛው ባዶ ነው። መሃል ላይ መቆሚያ የለም። ሲሞቃቸው ጥቂቶቹ ዘልለው ላይ ይወጡና እንደልባቸው ይሄዳሉ። ጥለውት የወጡት ባዶ ቦታም ይሄዳል። ሽቦው በነካበት ደግሞ በአንድ በኩል ይታለፋል፣ በሌላው አይታለፍም።

ባዶ ቦታ ይሄዳል? በምን እግሩ? ይህን ብነግራቸው እኔንም ርብ ይጨምሩኛል።

ቅዳሜ

ድንጋዩን አሥር ቦታ ወጋሁት። ዘጠኙ ዝም። በአሥረኛው አንድ ጣልያን ሲያስነጥስ ሰማሁ። ፎቅ ግን የለም።

እናቴ «ምን ያስጨንቅሻል? አባትሽም ያልገባቸውን ሲያስተምሩ ነው የኖሩት» አለችኝ።

እሑድ

ገባኝ! ግማሹ።

ሰንበቴ ላይ ጠላ እቀዳለሁ። ሽማግሎቹ በየማዕረጋቸው መደቡ ላይ ተጣበዋል፤ ጀርባ ማከኪያ እንኳ የለም። የደብሩ አለቃ በአራተኛው ዋንጫ ሞቃቸውና ተነሥተው ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይሉ ጀመር። የእኛ ሽማግሎች ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ተከፍቶ ሲያዩ አያስችላቸውም። ከአለቃ ቀጥለው ያሉት ከፍ አሉ፣ ተከታያቸውም፣ የእሳቸውም ተከታይ። ባዶው ቦታ በሩ ዘንድ ደረሰ። ከሽማግሎቹ ግን ከአንድ መቀመጫ በላይ የሄደ የለም!

ሳቄ አመለጠኝ። ጠላው የአባዬ ነጠላ ላይ።

ቤት ስንገባ ነገርኳቸው።

«አለቃን ድንጋይ ውስጥ ከተትሻቸው በይኛ!»

«አዎ አባዬ። ሙቀቱ ጠላው ነው።»

ርብ አልሄዱም። ከዚያ «በአንድ በኩል ብቻ የሚያሳልፈውስ ለምንድን ነው?» አሉኝ።

«እሱን አላወቅሁትም።»

«እንግዲያስ እስክታውቂው ይቆይ» አሉና ማዳመጫውን ከእጄ ወስደው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

እኔም ለማወቅ አልቸኩልም።