«ቀ» የጎደለው ማኅተም

ለተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ ክቡር የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የእኔን ጤና ክፍልዎ በዘጠኝ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቆ ስለማያውቅ፣ ከሁለታችን አንዳችን ልማዱን መጀመር አለብን ብዬ ነው። ወገብዎ፣ ዓይንዎ፣ በተለይም ማኅተሙ እንዲቀረጽ የፈረመው ቀኝ እጅዎ ደህና ይሁኑልኝ።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ሥራዬ ሌላው የጻፈውን ማንበብና የተሳሳተውን ፊደል ማቃናት ነው። የድባቴ መድኃኒት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በየአራት ወሩ እመጣለሁ፣ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ፣ ቁጥሬ ይጠራል፣ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። በመግባትና በመውጣት መካከል ያለውን ጊዜ አንድ ቀን ለክቼው ነበር፤ አፍንጫ ለመናፈጥ ይበቃል፣ ያውም ለአንዱ ቀዳዳ።

መድኃኒቱን ላማ አይደለም የምጽፍልዎ። ድባቴው ጎንበስ ማለት ነሥቶኝ ታላቅ እህቴ ጫማዬን ታስርልኝ ከነበረበት ዓመት ያወጣኝ እሱ ነው። ይህን በግልጽ ማስፈሬ፣ «ሕክምና የሚጠላ» ብለው ደብዳቤዬን በቀላሉ እንዳይገላገሉት ነው። ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ልቀንስ ወይስ እየወሰድኩ ልኑር? አሁን ደህና ነኝ። ደህናው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። እኔ ነኝ? ክኒኑ ነው? ጠዋት ስስቅ ሳቁን መሐል ላይ አቁሜ እመረምረዋለሁ። የማን ነው?

ጥያቄዋን ለማስተናገድ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ድሮ ሐኪሞችዎ በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ኋላ ግን ጊዜ ለመቆጠብ «እንዲቀጥል» የሚል የጎማ ማኅተም ስላስቀረጹላቸው አመሰግናለሁ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሙ ቀና ማለት አላስፈለገውም። አናቱ ላይ ፀጉሩ መሳሳቱን ከሚስቱ ቀድሜ ያወቅሁት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲቀጥል። ማን? መድኃኒቱ? ሰውየው? ድባቴው?

፪. በአፌ ልጠይቅ ስሞክር ምላሴ ስለሚተሳሰር፣ ባለፈው ዓመት ጥያቄዬን በአራት መስመር ጽፌ፣ አጥፌ፣ ካርዴ ውስጥ አኖርኩት። ልቀንስ ወይስ ልቀጥል፣ ብቀንስስ እንዴት፣ የሚል ነበር። ወረቀቱ ሲመለስልኝ እላዩ ላይ «እንዲቀጥል» ተመትቶበታል። መልስ ነው እንዳልል፣ ጥያቄው አልተነበበም። መልስ አይደለም እንዳልል፣ ከሁለቱ አንዱን መርጧል። ሁለት ሳምንት ስፈታው ከረምኩ። ምናልባት እንዲቀጥል የተፈቀደለት ጥያቄው ይሆናል።

፫. ጎማ ያልቃል፣ ክቡር ሆይ። እንደ ትዕግሥት ነው። በመጨረሻው ቀጠሮዬ «ቀ» ተፍቃ ኖሮ ካርዴ ላይ የወጣው «እንዲጥል» የሚል ነበር። መሐሉ ላይ ክፍተት ነበረው፤ አይቼዋለሁ። ሃያ ዓመት አርሜአለሁና የወደቀ ፊደል አይሰወርብኝም። ነገር ግን ከክፍልዎ ሁለተኛ ቃል ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ልቤ የፈለገውን አነበበ። በማግስቱ መድኃኒቱን ጣልኩት። ያውም ባንዴ።

፬. በአምስተኛው ቀን ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ላላ ሽቦ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ደረጃ ስወርድ እግሬ ይቀድማል፣ እኔ እዘገያለሁ። በዐሥራ አንደኛው ቀን የልጆች ሒሳብ መጽሐፍ ሳርም፣ አንዲት ልጅ ከአምስት ብርቱካኖቿ ሁለቱን ሰጠች የሚለው ላይ ስደርስ አለቀስኩ። አለቃዬ መጽሐፉን ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደና የስልክ ማውጫ ሰጠኝ፤ እዚያ ውስጥ ማንም ለማንም ምንም አይሰጥም ብሎ። ከክፍልዎ ካገኘሁት ሕክምና ሁሉ ይህ ይልቃል።

ያን ሰሞን እህቴ መጣች። እሷ በነገር ሁሉ የምትቀልድ ሰው ናት፤ የዚያን ዕለት ግን አልቀለደችም። መጣሌን ደብቄ የመቀነስ ሐሳብ እንዳለኝ ብቻ ስነግራት «ያንን ዓመት አንተ አልኖርክበትም፤ የኖርኩበት እኔ ነኝ። ስትወስን እኔንም ቁጠረኝ» አለችኝ። ለዚህ መልስ የለኝም። እርስዎም የለዎትም። ልዩነታችን እኔ እየፈለግሁት መሆኔ ነው።

፭. ጽፌ ሰርዤዋለሁ።

፮. ካርዴን ያነበበው ብቸኛ ሰው በመድኃኒት መስኮቱ የምትሠራው ሴት ናት። ተመልሼ ስቀርብ ማኅተሙን አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና ሳቋን አቆመች። «ወንድሜ፣ ማነው ጣል ያለህ?» እንዲህ ያለ መድኃኒት ባንዴ እንደማይቋረጥ፣ የሚቀንስ ሰው በሐኪም ዓይን ሥር ጥቂት በጥቂት እንደሚቀንስ፣ ዕድሜ ልኩን የሚወስድም እንደማያፍርበት ነገረችኝ። አንተ ከየትኛው እንደሆንክ ግን ቁጭ ብሎ ያየህ ሰው ነው የሚነግርህ አለችኝ። ይህን ሁሉ የተናገረችው ቆማ፣ ከኋላዬ ሰልፈኛው በክርኑ እየጎሸመኝ ነው። ወንበር ያለው ክፍል የእርስዎ ነው።

ከዚያ ወደ ካርድ ክፍል ሄጄ ለጥያቄ የሚሆን ቀጠሮ ለመንኩ። ቀጠሮ ለሕመም እንጂ ለጥያቄ እንደማይሰጥ በትሕትና ተገለጸልኝ። ሕመሙ ጥያቄው ቢሆንስ የሚል ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ስለዚህ መድኃኒቱን መልሼ ጀምሬአለሁ። በማኅተምዎ አይደለም። እህቴን ቆጥሬ፣ ብርቱካኖቹንም ቆጥሬ ነው። ካርዴ ላይ ከተፋቀው ማኅተም ሥር በራሴ እጅ «እቀጥላለሁ፤ ለጊዜው» ብዬ ጽፌአለሁ። ለጊዜው የሚለውን ብቻዬን ልፈታው አልችልም። ግማሽ ሰዓትና ቀና ያለ አንድ ፊት ያስፈልገኛል። ይህ ለክፍልዎ ከባድ ዕቃ መሆኑን እረዳለሁ።

ሳይታይ፣ ሳይመረመር፣ በየአራት ወሩ በሚታደስ አክብሮት፣
ቁጥሬ እንጂ ስሜ የማይታወቅዎ አራሚ

ማስታወሻ፦ አዲስ ማኅተም እንዲቀረጽልዎ ለማተሚያ ቤታችን የላኩት ትእዛዝ ደርሶናል። ረቂቁ ለእርማት የመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ፊደሉ ሙሉ ነው፤ «ቀ»ም በቦታዋ አለች። ይሁን እንጂ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት የለውም፤ ስለዚህ ኅዳጉ ላይ «ማን?» ብዬ ጽፌ አቆይቼዋለሁ። ሐኪሞችዎ እስከዚያው በእጃቸው ይጻፉ፤ ለመጻፍ የሚጻፍለትን ሰው ማየት ይጠቅማል። መልስዎን ይዘው ይምጡ። ቀጠሮዎ ከአራት ወር በኋላ ነው፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፣ በቁጥር ይጠራሉ።