የእግርህ እጣቢ

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሞላህ። ሙት ዓመትህን ዙሪክ ቤተ ክርስቲያን አወጣን፤ እንግዶቹ በልተው ነፍስ ይማር ብለው ሄዱ። የሕመም አልጋህ የኪራይ ስለነበር ባለቤቶቹ መልሰው ወስደውታል። ጫማህ ግን በሩ ሥር ነው፤ ቀኙ ተጣሞ አልቋል፣ ግራው እንደ አዲስ ነው።

ፊት ለፊታችን ያለችው አየርላንዳዊቷ ብሪጂድ አሁንም ትጠይቀኛለች። ስኳሩ እግርህን ሲጀምርህ፣ እናቷ ለመጅ የምታስረው ነው ብላ በኮምጣጤ የነከረችውን የሐረግ ቅጠል ይዛልህ መጣች። ቀምቼ ጣልኩት፣ አንተም አኩርፈህ ዋልክ። ስለ እጣቢው ያወራችልንን ግን ተውኩላችሁ። በአገሯ የእግር እጣቢ ቤት ውስጥ አያድርም፤ ሌሊት ውጭ ያሉት መናፍስት ከጠሩት ተነስቶ በሩን ይከፍትላቸዋል ይባላል። ያን ቀን ስቀህባት፣ ከዚያ ወዲህ ግን እግርህን አጥቤ ሳልጨርስ ድፊው እያልክ ነዘነዝከኝ።

ግራ እግርህ ከተቆረጠ በኋላም ያሳክከኛል ትል ነበር። ፎጣውን ባዶው ቦታ ላይ አደርግልሃለሁ፣ አሁን ተወኝ ትላለህ። እኔ ኩሽና ገብቼ አለቅሳለሁ።

የመጨረሻው ቀን እግርህ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ትንፋሽ አጠረህ። አምቡላንስ ወሰደህ፣ አልተመለስክም። ብቻዬን ስገባ ሳፋው እንደተውነው ነበር። ብሪጂድ ለለቅሶ መጥታ አልቅሳ ስታበቃ ውሃውን ልትደፋ አነሳችው፤ እጇን ያዝኩት። አንተ ከወጣህ ወዲያ ማን እንዳይገባብኝ ነው የምፈራው? ውሃው እዚያው ደርቆ አለቀ፤ ሳፋው ላይ ነጭ ክብ ቀረ።

አሁን ልጃችን ሳባ ብቻሽን አትሆኚም ብላ ጄኔቫ ልትወስደኝ ነው። ይህን የቪንተርቱሩን ቤት በወሩ መጨረሻ እናስረክባለን። ግድግዳውንም መስኮቱንም ስትፈትግ ከርማ ሳፋው ላይ ስትደርስ ነጠቅኳት፤ በጋቢህ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። እንደ ሕፃን አየችኝ። መሄዱን አልጠላሁም፣ የልጅ ልጆቼ እዚያ ናቸው። የሚያስጨንቀኝ አንተ የምታውቀው ይህን በር ብቻ መሆኑ ነው።

የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ይቆጡኛል፤ ይቆጡ። ጄኔቫም እግሬን የማጥበው በዚሁ ሳፋ ነው፤ ሳባ ብትነጫነጭም ውሃውን አልደፋውም። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። የሳባ ቤት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ነው። ደረጃው ይከብድሃልና ቀስ ብለህ ውጣ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ውሃውን ጥራው።

ያንተው አልማዝ