ያለቀ የተባለው ምንጭ

ንፋስ መውጫ
ጥር 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ቀለመ ወርቅ፣

ነገሩ የተበላሸው ከጥምቀት በኋላ በነበረው ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰላምታ ሳላስቀድም መጀመሬን ይቅር ይበሉኝ። የእናቴ ወገብ ተሻላት? እኔ በአካል ደኅና ነኝ።

በዚያች ደቂቃ ከባሕር ዳር የተላከ ፖስታ ልቀበል መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ከቢሮ ስወጣ ኮምፒዩተሬን አልዘጋሁም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ሌላ ጥፋት ግን የለብኝም። አለቃዬ ላቀው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ የዋርካውን ምንጭ ካርድ «ያለቀ» ወደሚለው ዐምድ ጎተተው። ይህን ሰው ከእንግዲህ አንቱ ብዬ መጻፍ አቅቶኛል፤ ይታገሡኝ።

ካርድ ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ላቀው ሲያወራልዎት ጥንቆላ አስመስሎት ይሆናል። ባሕር ዳር ሥልጠና ላይ የተማርሁት፣ በስልክም በኮምፒዩተርም የሚሠራ፣ ሥራን በዓይን የሚያሳይ አፕ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳ ይከፈታል። ከዚያ ሦስት ዐምድ ይቆማል፦ «ያልተጀመረ»፣ «በሥራ ላይ»፣ «ያለቀ»። ድርጅታችን ዘንድሮ የሚያጎለብታቸው ምንጮች ዐሥራ አንድ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አንድ ካርድ ጻፍሁ፤ ካርዱ ላይ የኃላፊው ስምና የቀረው ሥራ ይሰፍራል። ሥራው ሲራመድ ካርዱ ወደ ቀጣዩ ዐምድ ይጎተታል። በቃ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ማንም አልወደደውም። ግንበኛው አበጀ ስሙን «ያልተጀመረ» ሥር ሲያየው «አንቺ፣ በአደባባይ ሰነፍ አልሽኝ እኮ!» ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። ወር ሳይሞላ ግን «ቆይ፣ የእኔን እኔው ልጎትት» እያለ ጠረጴዛዬ ጋ ይመጣ ጀመር። ማን ምን እንደሠራ የማይደበቅበት ቢሮ ያቆምሁ መስሎኝ ነበር።

የዋርካው ምንጭ ከወገዳ በታች፣ ስማዳ ውስጥ ነው። ግንቡ አልቋል፤ የውኃው ምርመራ ግን ገና ነበር። ፖስታው የዚያ ውጤት ነው። መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ቀደድሁት፤ «ለመጠጥ አይሆንም» ይላል። እየሮጥሁ ስመለስ ከባሕር ዳር የመጡ እንግዶች ሰሌዳውን እያዩ ያጨበጭባሉ። ዐሥራ አንዱም ካርድ «ያለቀ» ሥር ተደርድሯል። ላቀውን ወደ ደጅ ጠራሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምን ያስጮኽሻል? እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም እንዴ? ነገ ወደ ቦታው ትመልሽዋለሽ።»

«ሰው ይጠጣዋል!»

«ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን ማን ይጠጣዋል?» ብሎ ሳቀ።

ጠጡት፣ አባቴ። የወገዳው ሠራተኛችን በስልኩ «ያለቀ» የሚለውን አይቶ በዚያው ቀን ቧንቧውን ከፈተ። እኔ ካርዱን መለስሁ፤ ወደ ወገዳ ደወልሁ፤ እስከ ማግስቱ መስመር ስላልነበረ ቧንቧውን ያዘጋሁት ረቡዕ ነው። ሐሙስ ዕለት እማማ ሐረገ ወይን ደወሉልኝ፤ ግንቡ ሲሠራ ድንጋይ ያቀበሉን ሴት ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ የልጄ ልጅ በተቅማጥ ወድቃለች። አልቋል ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ልጅቱ አሁን ድናለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

አፑ ካርድ ያንቀሳቀሰውን ሰው ስም ይመዘግባል። የተመዘገበው የእኔ ስም ነው፤ ኮምፒዩተሩ የእኔ ነዋ። ላቀው ይህን አትሞ፣ «በቸልተኝነት አልቋል ብያለሁ» ከሚል ወረቀት ጋር አያይዞ፣ እስከ ዐርብ ካልፈረምሽ ከሥራ ትሰናበቻለሽ አለኝ። አበጀ ካርዱን ሲጎትተው በዓይኑ አይቷል። «ልጆች አሉኝ፣ እህቴ» አለኝ። አልፈረድሁበትም።

ትናንት ደግሞ ላቀው የእርስዎን ደብዳቤ ይዞልኝ መጣ። ፖስታው ተከፍቷል። «ላቀው ከእግሬ ሥር ተቀምጦ ዜማ የተማረ ልጄ ነው፤ አይዋሽም። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ሳይደርስ ፈርመሽ ይቅርታ ጠይቂው» ይላል። ጽሕፈትዎን ዐውቀዋለሁ፤ ሐሰት ነው ልል አልቻልሁም።

እሱ ጉባኤ ቤት ውስጥ ሲማር እኔ ከአጥሩ ውጭ ሽንብራ እየለቀምሁ እሰማ ነበር። እሱን ባረሙበት ሁሉ እኔም ታርሜያለሁ። አንድ ቀን የሳተውን ዜማ ከውጭ ሆኜ አቃንቼ ባዜምልዎት ሳቁና «አንቺ ዝም በይ» አሉኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ያንን ቂም አልያዝሁብዎትም።

ኮምፒዩተሬን ክፍት ስለተውሁ እማማ ሐረገ ወይንን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ስማዳ ወርጄም ደግሜ እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን አልፈርምም። ዐርብ ዕለት ቢያሰናብተኝ የምርመራውን ውጤት ይዤ በሽማግሌ ፊትም፣ በዳኛ ፊትም እቆማለሁ።

እናቴን ይሳሙልኝ፤ ጸሎትዎ አይለየኝ። እንድፈርም የሚፈልጉ ከሆነ ራስዎ ይምጡና ዓይን ዓይኔን እያዩ «ልጄ፣ አድርገሽዋል ወይ?» ብለው ይጠይቁኝ። ሳልጠየቅ የሚፈረድብኝን ፍርድ ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ከእርስዎም ቢሆን።

ልጅዎ
አመተ ማርያም