መነን ያልፈታችው ጾም

ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ
ጥቅምት 20 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለአድነው፣ ለመነን አባት፤

እንዴት ከርመሃል? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ደህና አይደለንም።

መነን እሑድ ዕለት ሽቫንሃይም ጫካ ውስጥ በተደረገው የአገር አቋራጭ ውድድር ላይ ወደቀች። እንቅፋት መቷት አይደለም። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራት መራመድ ጀመረች፤ ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተኛች። ስደርስ ከንፈሯ ነጭ ነበር። «ማማ፣ ስንተኛ ወጣሁ?» አለችኝ። አምና እዚያው ጫካ አንደኛ የወጣች ልጅ ናት።

ምክንያቱን ያልጻፍኩልህ ያልፋል ብዬ ነው። በሚያዝያ፣ በፋሲካ፣ ሁላችንም ጾም ስንፈታ እሷ አልፈታችም። «አባቴ ቪዛ አግኝቶ እስኪመጣ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አልቀምስም» ብላ ለኪዳነ ምሕረት ተስላለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ሳምንት ትይዘዋለች ብዬ ዝም አልኳት። ስድስት ወር ሆናት።

በሐምሌ ሐኪሙ ደሟን መርምሮ ብረት አንሷታል ብሎኝ ነበር። ደም አየር የሚሸከመው በብረት ነው፤ ሯጭ ደግሞ ከሌላው ሰው ይልቅ ብረት ታባክናለች። ኪኒን አዘዘላት። በየማለዳው እኔው አስዋጥኳት። ሰኞ እንደገና ሲመረምራት ከበፊቱም ወርዶ ተገኘ።

«በምንድን ነው የምትውጠው?» አለኝ።

«በሻይ።»

መነጽሩን አወለቀ። ሻይ ብረቱን አስሮ ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል አለ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሬ፣ አጥብቄ አፍልቼ፣ በገዛ እጄ። ወተት ስለማትጠጣ ለአጥንቷም ሰግቷል። የወር አበባዋ ከሰኔ ጀምሮ ቀርቷል፤ እኔ እናቷ እዚያው ሐኪሙ ፊት ሰማሁ።

አሠልጣኟ ፍራው ቤከር ቤት ድረስ መጥታ «ኪኒን ብቻውን አይበቃትም። ጉበት አብያት። ሌበርቩርስት፣ የጉበት ቋሊማ፣ ዳቦ ላይ ቅቢላት» አለችኝ።

«የምን ጉበት ነው?»

«የአሳማ ነዋ።»

መነን ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ የሰማሁት ሳቋ ነው። «ፍራው ቤከር፣ ያንን ቤት ብናስገባ ማማ ፍሪጁን ጠበል ታስረጨዋለች» አለቻት። ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ምስር ሠርቼ አቀረብኩላት፤ ሁለት ጉርሻ በልታ ተነሣች።

ቄሱም ጋ ወሰድኳት። «ለታመመ ሰው ጾም አይታዘዝም፣ ልጄ» አሏት።

«አልታመምኩም፣ አባ። ስለቴ ሳይሰምር ብበላ ግን አባቴ ቢቀር የማን ጥፋት ነው ይሉኛል?»

መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱን።

ሰኞ ከሐኪሙ ስወጣ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄጄ ስለ አንተ ጉዳይ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ፈልጋ፣ ከአዲስ አበባ በስምህ የመጣ የቪዛ ማመልከቻ የለም፣ አምናም አልነበረም አለችኝ። አንተ ሦስት ጊዜ ተከለከልኩ ብለህ ጽፈሃል። መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብያት ወጣሁ።

በዚህ ነገር አልጨቀጭቅህም። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ለመነን በራስህ እጅ «አልመጣም» ብለህ ጻፍላት። እኔ ብነግራት ሥጋ ላበላት የፈጠርኩት ይመስላታል። የአንተን ጽሑፍ ግን ታውቃለች። ታለቅሳለች፤ ትሰድብህ ይሆናል፤ ከዚያ ትበላለች። ስልክ ያልደወልኩት ቀፎውን እሷ ስለምትነጥቀኝ ነው። በስልክ ደግሞ «በቅርቡ» ትላታለህ።

ፍራው ቤከር ከውድድር አግዳታለች። እሷ ግን ዛሬም ጠዋት ጫማዋን አስራ ወጣች። «ተይ» አልኳት። «ላስ ሚሽ፣ ማማ» አለችኝ፤ ተዪኝ ማለቷ ነው። በሩን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ያለፈ የማደርገው አላገኘሁም።

እህቴ አረጋሽ በነሐሴ አዲስ አበባ ደርሳ ስትመለስ የነገረችኝን ለመነን አልነገርኩም። አንተም አትጻፍላት። አልመጣም ማለት ይበቃል።

እናትህን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳምልኝ። አረጋሽ ያየችውንም ሕፃን እግዚአብሔር ያሳድግልህ።

ገላነሽ