ጠበል ተብሎ የተቋጠረው

ጎንደር፣ ቁስቋም
የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለአያ፦

ለጤናህ እንደምን አለህ? ሰው ደብዳቤ ሲጀምር ይህን የሚጠይቀው ለወጉ ነው፤ እኔ ግን እንድትመልስልኝ ነው የጠየቅሁህ። የቀረውን ሳታነብ መመለስ ከቻልህ እዚህ ላይ አቁመህ መልስ። ካልቻልህ ቀጥል።

እኛ ቁስቋም ማርያም ትመስገን ሸጋ ነን። እናታችንም ደህና ናት፤ የእግሯ ጣት ላይ ከወጣች ትንሽ ቁስል በቀር ያገኛት ነገር የለም። ስፌቱም አለ፣ የተማሪ ልብስ እስከ ጥር ድረስ ፋታ ሳይሰጠኝ ነው የከረመ።

በስልክ የማልነግርህ ምነው ብትል፣ ኔትወርኩ አንድ ቀን መጥቶ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲመጣም እናታችን ከአጠገቤ አትርቅም። ደግሞ አንተ በስልክ ታቋርጠኛለህ፣ ትስቃለህ፣ አይዞሽ ትላለህ። ወረቀት ላይ አይዞሽ ማለት አትችልም። ይህን የሚያደርስልህ ፊልጶስ ነው፣ የጎረቤታችን ልጅ፣ እዚያው ጁባ አንተ ሰፈር ሆቴል የሚሠራው። ለጥምቀት መጥቶ ነገ ሐሙስ ይመለሳል። ሰኞ የጀመርሁት ደብዳቤ ነው። አንድ መስመር እጽፍና እነሣለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ፣ ማሽኑ ላይ እቀመጥና ደግሞ እነሣለሁ። ትናንት የአንድ ልጅ ሱሪ ኪስ ወደ ውጭ ገልብጬ ሰፍቼ እናቱ ስትስቅብኝ ዋለች።

ከጥቅምት ልጀምርልህ። አገሩ አልረጋ ብሏል፣ እናታችንን ይዘሽልኝ ነይ፣ ቤት ተከራይቻለሁ ብለህ ደወልህ። እውነቱን ልንገርህና ደስ ብሎኝ ነበር። አልነገርሁህም እንጂ ሻንጣም ገዝቼ ነበር፣ ጎማ ያለው፣ ሰማያዊ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ከአይከል ጎንደር ከመምጣት በቀር የት ደረስሁ? ብቻ እናታችን ስኳር አለባት። የስኳር ክትትሏን የምታይላት ሲስተር ይመኙሽ፣ እዚህ በጤና መድን ደብተሯ በየወሩ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ትወስዳለች፣ ደብተሩ ግን ድንበር አይሻገርም፣ ከመነሣታችሁ በፊት የዚያን አገር ነገር አጣሩ ብላ የምጠይቅህን በወረቀት አጻፈችኝ። እኔም በኅዳር ደወልሁልህ።

ያኔ የመለስኸውን ታስታውሳለህ? እኔ አልረሳሁትም። ለውጭ አገር ሰው መድን ብሎ ነገር የለም፣ ሁሉም ከኪስ ነው አልህ። የግል ክሊኒክ አልጋ ሳይሰጥህ በፊት ዶላር ያስቆጥርሃል አልህ። ኢንሱሊኑ ከካምፓላ በበረዶ ሣጥን ማክሰኞ ማክሰኞ ይገባል፣ ዓርብ የሚሸጠውን አትግዙ፣ ሙቀት አግኝቶታል አልህ። አንዱ ብልቃጥ የውሃ ቦቴ ይዞ የሚውል ሰው የሁለት ቀን ድካም ነው አልህ። መብራት ስለሚጠፋ ፍሪጅ አይታመንም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ከገንቦ ሥር ማኖር ነው አልህ። ስሪንጅም እንደልብ ስለማይገኝ ሰው በአንዱ አምስት ጊዜ ይወጋበታል፣ ከአምስት በኋላ ያማል አልህ።

አያ፣ ማንን ነው የሚያመው?

እኔ ያን ጊዜ አላሰብሁትም። አንተ ስትነግረኝ እኔ ስጽፍ፣ ሸጋ ወንድም አለኝ፣ ጠያይቆ ጠበቀኝ እያልሁ ነበር። ምን ልጠይቅህ እንደምደውል ግን ቀድሜ አልነገርሁህም። ድምፁን ከፍቼው ስለነበር እናታችን ትሰማለች። ምስር ትለቅም ነበር፣ እጇ ቆመ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችህ፤ ውሃ ይጠማሃል ወይ ልጄ አለችህ። አንተም ስቀህ፣ ጁባ ውስጥ የማይጠማው ማን አለ አልሃት።

መቼም መዋሸት አይሆንልህም። በልጅነትህ በሁዳዴ ወተት ጠጥተህ፣ ማንም ሳይጠይቅህ እኔ ወተት አልጠጣሁም እያልህ ከደጅ የገባኸው አንተ አይደለህም? አባታችን ነፍሱን ይማረውና ይህን ባነሣ ቁጥር እንባው እስኪመጣ ይስቅ ነበር። ዛሬም ያው ነህ። ሳይጠይቁህ ከመለስህ ጠጥተሃል ማለት ነው።

ከዚያ ስልክ ወዲህ እናታችን ሌላ ሰው ሆነች። ዓይኗ ስለደከመ መድኃኒቱን የምቀዳላት እኔ ነበርሁ፤ ከእንግዲህ ራሴ ቀድቼ ራሴ እወጋለሁ፣ አንቺ ሥራሽን ሥሪ አለችኝ። መድኃኒቱ የሚቀመጥባትን ባለ እርጥብ አሸዋ ማሰሮም ከማሽኔ አጠገብ አንሥታ ከአልጋዋ ሥር አስገባቻት። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ ለጉዞው ራሷን እያለማመደች መሰለኝ። በጥር መባቻ ያቺ ቁስል ወጣች። ሲስተር ይመኙሽ ስኳሯን ለክታ፣ ምነው እንዲህ ከፍ አለ፣ መድኃኒቷን ትወስዳለች ወይ ብላ ተቆጣችኝ። በደንብ ትወስዳለች ብዬ በማርያም ስም ማልሁላት።

ባለፈው እሑድ ፊልጶስ መጣና፣ ለወንድምሽ የሚላከው ጠበል ተሰናድቷል ወይ አለኝ። እናታችን የቁስቋምን ጠበል በሦስት ትንንሽ ብልቃጥ እሰጥሃለሁ፣ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ጨርቁን በየመንገዱ እያረጠብህ አድርስልኝ ብላዋለች። ጠበል ፀሐይ ቢያገኘው ምን ይሆናል ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም፤ ሰው በጠበል ነገር አይከራከርም። እሷ ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለስ የሰፋሁልህን ሸሚዝ ልጨምርበት ብዬ ቋጠሮውን ፈታሁት። ሦስት ብልቃጥ ኢንሱሊን ነው፣ ያልተከፈተ። ስሟ የተጻፈበት የሆስፒታሉ ወረቀት በያንዳንዱ ላይ ተለጥፏል።

ከኅዳር ጀምራ ግማሹን ብቻ ስትወጋ ነው የከረመች። ግማሹ የሷ፣ ግማሹ ያንተ።

ስትመጣ ጮህሁባት። እናቴ ላይ ጮህሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። እሷ ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ፣ እኔ ሰባ ሁለት ዓመት ኖርሁ፣ እሱ አርባ አልሞላውም፤ ለኔ ደብተሩ ይሰጠኛል፣ ለሱ በሰው አገር ማን ይሰጠዋል አለች። ታሞ እንደሆነ በምን አወቅሽ ብላት፣ አፉ ይደርቃል አለችኝ። ቃሉን ሲጨርስ ምላሱ ከላንቃው ሲላቀቅ ይሰማል፣ እኔም ሐኪም ሳያየኝ በፊት እንዲያ ነበርሁ አለች። ከዛሬ ጀምሮ ሙሉውን ትወጊያለሽ ብዬ ባለቅስባት፣ እሱ በራሱ አፍ እውነቱን እስኪነግረኝ ከግማሽ አላልፍም ብላ ዘጋችው። ታውቃታለህ፣ አንድ ጊዜ ካለች አለች ነው።

ፊልጶስንም ያዝሁት። መጀመሪያ አላውቅም አለ፤ እናታችን የምታደርገውን ስነግረው ተናገረ። በታኅሣሥ የምትነዳው የውሃ ቦቴ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍተህ፣ ሰው ሰክሯል ብሎ አልፎህ ሲሄድ፣ አንዲት የሻይ ሻጭ ስኳር በጥብጣ አፍህ ውስጥ እንዳፈሰሰችልህ። ይህን ለእናታችን አልነገርኋትም። መቀመጥ ያቃተኝ ግን ከዚያ ወዲህ ነው። ኑ ያልኸን ለኛ ብቻ አስበህ አይደለም አያ፤ ብቻህን ፈርተህ ነው። ፈራሁ ብትል ምን ነበረበት? በጣም ነው የተናደድሁብህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን እኔና አንተ አንድ ቤት ነው ስንሰማው ያደግነው።

ሰኞ ጠዋት ማሽኔን ሸፍኜ ቀበሌ ሄድሁ። የጤና መድን የሚመዘግቡትን አቶ ዳኛውን፣ ለአካለ መጠን የደረሰ ልጅ በእናቱ ደብተር ይገባል ወይ አልኋቸው። አንድ ቤት የሚኖር ከሆነ ጭማሪ ተከፍሎለት ይገባል፣ ምዝገባው ግን የካቲት ሲያልቅ ይዘጋል፣ ያመለጠው የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል አሉኝ። ጭማሪውን ከፈልሁ። የት ነው ያለው ሲሉኝ፣ አይከል ዘመድ ጥየቃ ሄዷል፣ ሰሞኑን ይመለሳል አልሁ። ለኔ መዋሸት ይሆንልኛል። ስምህን ከስሜ በታች ጻፉት። ከጎኑ ያለችው የፎቶ ቦታ ባዶ ናት። ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዞ ራሱ ይቅረብ፣ ፊቱን ሳላይ ማኅተም አላሳርፍም ብለዋል።

ስለዚህ እኛ አንመጣም፣ አንተ ና። ልትል የተነሣኸውን አውቃለሁ፤ ሥራው፣ ቦቴው፣ አገሩስ መቼ ረጋ። እውነትህን ነው፣ አልረጋም። መድኃኒቱም እዚህ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አምና መንገድ ሲዘጋ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ከፋርማሲ ፋርማሲ ስንከራተት ነበር። ግን ሲጠፋ አብረን እንፈልጋለን። እዚህ ብትደፋ ሰክሯል ብሎ የሚያልፍህ የለም።

ሦስቱን ብልቃጥ ልኬልሃለሁ። ላስቀራቸው ነበር፣ እሷ ካልተላከ ግማሹንም አልወጋ ስላለች ነው። ሲስተር ይመኙሽ፣ ለእናትህ በታዘዘው መጠን እንዳትወጋ፣ ሐኪም ለራስህ ያዘዘልህን ብቻ ተወጋ ብላሃለች። ለመንገድ እንዲሆንህ ነው እንጂ ለመክረሚያ አይደለም። ሻንጣዬንም ፊልጶስ ይዞልሃል። ባዶውን ነው፤ ልብስህን ክተትበት። ቁልፉ ትንሽ ያስቸግራል፣ ወደ ላይ ገፋ እያደረግህ ዝጋው።

ይህ እንደደረሰህ ለእናታችን ደውል። ብዙ አታውራ። ይጠማኛል በላት፣ ያን ቀን ሙሉውን ትወጋለች።

ከላይ ስለ ቁስሏ ትንሽ ብዬ የጻፍሁትን ላስተካክለው እስኪብርቶ አንሥቼ ነበር፤ ተውሁት። መጥተህ እያት።

ቁስቋም ማርያም በየኬላው እየቀደመች ታሳልፍህ። የሚራራ ሾፌርና የሚገባው ሐኪም ይግጠምህ። አሜን።

በደብተሩ ላይ ከስምህ በላይ ያለችው
እህትህ