ዱላዬን ደጅ ላይ ትቼ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3፣ ማታ
ዛሬም ዱላችንን ደጁ ላይ አስደግፈን የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ገባን። ስማ ደብተሬ፣ ጉድ ነው። መ/ር ድንገት አስነሣኝ፤ ያለ ወረቀት ስለ ዝናብ ተናገር አለኝ። እኔን! ከዋጃ እስከ ጎብዬ ግመል በምላሴ የማሻሽጠውን! «እ… እንትን… ዝናብ ማለት… እ…»። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
እሑድ ትምህርቱ ሲዘጋ ክፍሉን ወክዬ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ፎክሬ የወሰድኩት። ርዕሱ እዚያው ይሰጣል። የሚስቴ አባትም ይመጣሉ። «ጺሙን አብቅሎ ሀሁ!» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ወየው።

ሐሙስ 5
ለካ ሁሉም ይደነቃቀፋል፣ በየመልኩ። አናጢው ሰይድ «ወላሂ» ላይ ያርፋል። ካሣ ንግግሩ እዚያ የተጻፈለት ይመስል ጣራ ጣራውን ያያል። ወ/ሮ ዘሀራ «እንትን፣ እንትን»፤ ደጅ ሲወጡ ግን ጎርፍ ናቸው። ለምን? ይህን ሳልፈታ አልተኛም።
ገባኝ፦ ዱላው ነው! የኛ ሰው ዱላውን ትከሻው ላይ ሳያጋድም መቼ አውርቶ ያውቃል?

ዓርብ 6
መ/ርን አስፈቅጄ ከነዱላዬ ቆምኩ። «እ…»። ዘሀራ አላስቻላቸውም፦ «አንተዋ፣ እስቲ ንግግሩን ለዱላው ልቀቅለት፣ እሱ ይሻላል!»
እኔም ሳቅኩ። ዱላው አይደለም ማለት ነው።

ቅዳሜ 7
ገበያ ዋልኩ። ስደልል ጆሮዬን ራሴ ላይ ተከልኩ። ደብተሬ! «እ» የለችም! ትንፋሽ ስወስድ ገዢው «እህ» ይላል። ስቆም «እሺ፣ ከዚያስ?» ይላል። ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሲናገር ጸጥ በሉ ነው፤ ሁሉም አፍጦ ያየኛል። የሰሚውንም ድርሻ «እ…» እያልኩ እኔው እሞላታለሁ፤ በሰው ሸክም ነው የምደናቀፈው። ይህን ከኔ በፊት ማን አወቀ? ማንም!
ዘሀራ ፊት ተቀምጠው «እህ» ሊሉልኝ ቃል ገቡ። ማለፊያ።

እሑድ 8፣ ጠዋት
ዘሀራ የሉም። ልጃቸው አሟት ሮቢት ወርደዋል። ሰይድ «እህ» በለኝ ቢሉት ያፍራል፣ ካሣ ጣራውን ነው የሚያየው።
አማቴ መጥተዋል። ፊት ወንበር ላይ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። እሳቸውን ማን ዱላዎን ደጅ ይተዉ ይላቸዋል?
ቆይ። በኛ አገር ወግ ሲነገረው ዝም የሚል ሽማግሌ የለም፤ ነውር ነው፣ ለጠላትም።
ቆርጫለሁ። ርዕሱ ምንም ይሁን ምን ፊቴን ወደሳቸው አዞራለሁ። «አባባ፣ ይስሙኝማ» እላለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ «እህ» እስኪሉ እጠብቃ— ተጠራሁ።