ፊደል የጠፋበት ድረ ገጽ

ሰኞ፣ ግንቦት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ጠፋ። አርባ ሦስቱም ገጽ። ጠፋ ስል፣ አለ፤ ግን የሚነበብ አይደለም።

ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ፍቅሩ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። የዘጠነኛ ክፍል ልጆቼን አዲስ ጽሑፍ ድረ ገጻችን ላይ ልጭን ነበር። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት። «የዓለም ታሪክ በእኛ ክፍል» የሚለው ርዕስ እንኳ ዶሮ የጫረው መስሏል። ፍቅሩን ጠራሁት። እሱ እቴ፣ ዘና ብሎ ማንጎ ይልጣል። ቫይረስ አስቸገረኝ ብሎ ቅዳሜ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ፎርማት አድርጓቸዋል፤ ገጾቻችን የተጻፉበት የድሮው የአማርኛ ፊደል፣ ፎንቱ፣ አብሮ ሄደ። አዲሱ ፕሮግራም የራሱ ፊደል አለው፤ የእኛን አያውቀውም።

ሌላ አገር ያለ ሰው ሲከፍተውስ ብዬ ጠየቅኩት። «ያ ፊደል ከሌለው ድሮም እንደዚህ ነው የሚታየው፤ አታውቂም ነበር እንዴ ቲቸር?»

አላውቅም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር። ባሕር ዳርቻ ያለች ሩቅ ከተማ ውስጥ አማርኛ የተማረ አንድ ሽማግሌ ፈጥሬ ነበር፤ መስኮቱን ከፍቶ፣ መነጽሩን ወልውሎ ልጆቼ ስለ ይፋት የጻፉትን የሚያነብ። ቦርዱ ላይ እየጻፍኩ እንኳ ስለ እሱ አስብ ነበር። የጎብኚ ቆጣሪው ከፍ ባለ ቁጥር እሱ መጣ እላለሁ። ለካ ቆጣሪውን የምናስሮጠው እኛው ነን፣ ከፍቅሩ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ። ሳቅኩ። ከዚያ ገጹን ዘጋሁት።


ማክሰኞ፣ ግንቦት 11

ዛሬ ዘሃራ ከክፍል በኋላ ጠብቃኝ አለቀሰች። ከጀውሃ በታች ካለ መንደር የምትመጣ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ጽሑፏ ቀጥ ያለ። ጥር ላይ የአያቷን የአባባ ሁሴንን ታሪክ ጽፋልኝ ነበር፤ ጣልያን የጣርማ በርን ዋሻ ሲያስፈለፍል ድንጋይ ያጋዙ ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ አረፉ። እሑድ የአርባ ቀናቸው ሰደቃ ነው። ገጹን እዚያ አነብላችኋለሁ ብላ ለቤተሰቡ ቃል ገብታለች።

ይህ ብቻ ቢሆን በቃልሽ ንገሪያቸው እላት ነበር። ግን አባባ ሁሴን ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ዋሻው ውስጥ አለት ተንዶበት ሞተ፤ ሬሳው እንኳ አልወጣም። ስሙ በተነሳ ቁጥር እናታቸው ራሷን ስለምትስት ስሙ ከቤት ተሰወረ፤ ዱዓ ሳይደረግለትም ቀረ። ለሚስታቸው አልነገሩም፣ ለልጆቻቸውም። ዘሃራ ደብተሯን ይዛ አጠገባቸው ስትቀመጥ ግን ወጣላቸው። «ስሙን ጻፊው፤ እኔ ስሄድ የሚያውቀው ሰው የለም» አሏት። ጻፈችው። ከዚያ ረሳችው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጽፌዋለሁ ብላ ካረፈች በኋላ በጭንቅላቷ መያዝ ምን ያደርግላታል? እኔም ሳርመው አንብቤዋለሁ። አይመጣልኝም። ስንት ንጉሥ፣ ስንት ስም አርሜ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም። አንዴ ድረ ገጹ ላይ ከወጣ ደብተሩ ምን ይሠራል ብዬ የልጆቹን ደብተር ቁልል ለአከራዬ ለእትዬ ደብሪቱ የሰጠሁ እኔ ነኝ። እሳቸው ለሱቅ መጠቅለያ ሰጡት። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሄጄ ባለሱቁ የተረፈውን አወጣልኝ፦ የናይል ሥልጣኔ ግማሹ፣ በርበሬ የነካው የኢንዱስትሪ አብዮት፣ ሌላ ምንም። የዘሃራ ወረቀት ስኳር ተጠቅልሎበት የማን ቤት እንደገባ ማን ያውቃል! አፈርኩ። ለእትዬ ደብሪቱ ብነግራቸው «ታዲያ ጥሩ ነገር እንደነበረበት ምነው ሳትነግሪኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።


ረቡዕ፣ ግንቦት 12

ፍቅሩ ደብረ ብርሃን ደወለ። የድሮው ፊደል ያለበት ሲዲ አንድ የሚያውቀው ሰው ጋ አለ፤ ሰውየው የሚወርደው ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሰደቃው እሑድ።

ተስፋ ቆርጬ ወንበሩ ላይ ፈዝዤ ሳለሁ ደረጀ መጣ፤ ክፍል ውስጥ ከጥያቄ በስተቀር ሌላ ሥራ የሌለው ተማሪዬ። የድሮ ግብፆችን ጽሑፍ የፈቱት ሰዎች በምን ነበር የጀመሩት አለኝ። አስተምሬዋለሁ እኮ! አስቀድመው በሚያውቁት ስም ነዋ፣ አልኩት። «እኛስ የምናውቀው የለንም?»

አለን። ማንም ልጅ ገጹ ከመጫኑ በፊት ክፍል ፊት ቆሞ ሦስት ጊዜ ማንበብ አለበት፤ ሕጌ ነው፣ ሲያማርሩበት የኖሩት። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃል። አንዱ ምልክት ሁልጊዜ የአንድ ፊደል ምትክ ከሆነ...

ፍቅሩ ገጾቹን ማተም ጀመረ። የዘሃራን አስቀደምን። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስንደርስ የመብራት ፈረቃው ደረሰና ማሽኑ ወረቀቱን ግማሽ ጎርሶ ቆመ። አሥራ ሰባት ገጽ ቅንፍና ዶላር አቅፌ ወደ ቤት ሄድኩ። ሰው ቢያየኝ ምን ይል ነበር።


ዓርብ፣ ግንቦት 14

ግማሹ ክፍል ለግንቦት 20 መዝሙር ልምምድ ሄዷል። የቀሩትን ይዤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። ሙቀቱ አየሩን ያንቀጠቅጠዋል።

የዘሃራ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፦ «አያቴ ሁሴን ዕድሜያቸውን አያውቁም፤ የጣርማ በርን ድንጋይ ግን አንድ በአንድ ያውቁታል።» ከምልክቶቹ በላይ ፊደሎቹን ጻፍናቸው። ገጠመ! «ን» ሰባት ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ሆና ስትገኝ ልጆቹ ጎል እንደገባ ጮኹ። የመዝሙሩ መሪ በመስኮት ገላመጠን።

ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። አንድ ቃል ይወጣል፣ ከዚያ ሦስቱ ጭጋግ ናቸው። «ውኃ»። «...ሊት ይዘን»። «ወንድሜ»። ዘሃራ ይህችን ከሥሯ ሁለቴ አሰመረችባት።

በመሐል እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ መሰለኝ። ምልክቶቹ ሮቢት ወንዝ ላይ ተንሳፍፈው ሲወርዱ፣ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ በወንፊት ስቀልባቸው አየሁ። አንዳንዱ ይያዛል፣ አንዳንዱ በቀዳዳው ያልፋል። ስነቃ ልጆቹ ያለ እኔ ሁለት መስመር ሄደዋል። ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቀናሁ።


ቅዳሜ፣ ግንቦት 15

የደረስንበት፦ ከሃያ ስምንት መስመር ሃያ አንዱ ይነበባል። ያልደረስንበት፦ ስሙ።

ስሙ ሦስት ምልክት ነው። ሁለቱን አወቅናቸው፤ «ኪር» ይላል። መጀመሪያ ላይ ያለችው ምልክት በዘሃራ ገጽ ሌላ ቦታ የለችም። ዘሃራ ዓይኗን ጨፍና ሞከረች፤ ባኪር፣ ዛኪር፣ አንዱም አልመጣላትም። ክፍል ውስጥ ስታነብ የሰሟት ልጆችም አላስታወሱትም። ልገምትላት አልፈለግኩም። ለሞተ ሰው በግምት ስም ዱዓ አይደረግም፤ እሷም እንደዚያው አለች።

የቀሩትን ገጾች መሬት ላይ ዘረጋናቸው። ድንጋይ ጫንንባቸው፣ ተንበርክከን ያችን ምልክት ፈለግን። ሆዷ ነፋ ያለ፣ ከላይ ሰረዝ ያለባት። ሰባት ሰዓት አለፈ፣ ማንም ለምሳ አልተነሣም። ከዚያ ደረጀ የራሱን ገጽ አንሥቶ ዝም አለ። ደረጀ ዝም ሲል ያስፈራል። የእሱ ገጽ የመጀመሪያ ቃል፣ ክረምት ከበጋ ሲለፈልፈው የኖረው፦ «ሻርልማኝ የፍራንኮች ንጉሥ ነበር።»

ሻ። ሻኪር።

ዘሃራ «እሱ ነው፣ እሱ ነው!» ብላ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የፍራንኮች ንጉሥ ለጀውሃ ልጅ ውለታ ይውላል ብሎ ማን ያስብ ነበር? ገጹን በእስክሪብቶ ገልብጬ ጨረስኩ። ከሌሎቹ ገጾች ባገኘናቸው ፊደሎች የቀረውም ተፈታ፤ ሁለት መስመር ብቻ አልተፈታም፣ ክፍት ተውኩት።


እሑድ፣ ግንቦት 16

እስከ ጀውሃ በሚኒባስ፣ ከዚያ ከደረጀ ጋር በእግር። ግቢው ሞልቷል። ለእኔና ለደረጀ ለብቻ የተዘጋጀ ምግብ ቀረበልን፤ የአባባ ሁሴን ባለቤት እትዬ ሐዋ ራሳቸው ናቸው «ብሉ እንጂ፣ የእናንተው ነው» እያሉ የሚያበሉን። እኚህ ሴት ባላቸው ወንድም እንደነበራቸው ዛሬ በሰው ፊት ሊሰሙ ነው። ዘሃራን ለብቻዋ ጠርቼ አስቀድመሽ ንገሪያቸው አልኳት። «አባባ በገጹ ይስሙት ነው ያሉኝ» አለች። እሺ አልኩ፤ ልቤ ግን እሺ አላለም።

አነበበች። ክፍት ቦታዎቹ ላይ ስትደርስ ቆም እያለች። ሻኪር የሚለውን አነበበች። ሁሉም እትዬ ሐዋን አየ።

እሳቸው መሬቱን እያዩ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ ቀስ ብለው፦ «ደብረ ብርሃን በሄድን ቁጥር ዋሻው ጋ ሲደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። ጨለማ ይፈራል እያልን ስንስቅበት ኖርን። እኔም ስስቅበት ኖርሁ።»

ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። «ለሁሴን፣ ለወንድሙ ለሻኪር» አሉ። ግቢው በሙሉ «አሚን» አለ። እኔም አልኩ፣ ሳላስበው፤ መዳፌ ተዘርግቶ ነው ያገኘሁት።

ልንነሣ ስንል እትዬ ሐዋ ወረቀቱን ጠየቁኝ። ማንበብ አይችሉም። የቱ ጋ ነው ስሙ አሉኝ፤ አሳየኋቸው። ጣታቸውን እዚያ ላይ አድርገው ቆዩ። ሊመልሰን የመጣው ባጃጅ ከታች በጡሩምባው ሲጠራን እንኳ አላነሡትም። ወረቀቱን እዚያው ትቼው መጣሁ።